ማጭድ፣ ምሳር፣ ጥርስ

ጽድ ከሥሩ ከተቆረጠ አለቀ። ከጉቶው ቀንበጥ አያወጣም፤ ጉቶው ቀስ በቀስ ግራጫ ይሆንና እዚያው ይቀራል። ባሕር ዛፍ ግን በተቆረጠ በጥቂት ወሩ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ባለቤቱ ደህና ደህናውን መርጦ ያስቀርና ሌላውን ይመለምላል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና አጣና ይሆናል። ጌሾና የጥብስ ቅጠል ደግሞ ከሁለቱም ይለያሉ፤ እነሱ የሚበላሹት ሳይቆረጡ ሲቀሩ ነው። አንበሳሜ ዙሪያ ባለ አንድ ገበሬ ጓሮ እነዚህ ሁሉ ጥቂት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። ውሃ ያጠጣቸው እጅ አንድ ነው፤ ሆኖም «ተንከባክቦ አሳደጋቸው» ስንል ለሁሉም አንድ ነገር ተደረገላቸው ማለታችን አይደለም።

ስለ ተክል እንክብካቤ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ውሃው፣ አፈሩና ፍጉ ነው። እኔ ግን የእንክብካቤን ነገር ለመረዳት ከውሃው ይልቅ ከመቁረጫው መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ይቆርጠዋል? መቼ? ሲቆረጥስ ተክሉ ምን ይመልሳል?

ይህ ጥያቄ አፍጥጦ የሚታየው የገና ዛፍ በሚያመርቱ ገበሬዎች ዘንድ ነው። በአውሮፓ ገበያ ኖርድማን ተብሎ በብዛት የሚሸጠው ዛፍ ዘሩ በአብዛኛው የሚለቀመው ጆርጂያ ውስጥ፣ በአምብሮላውሪ ዙሪያ ካሉ ተራሮች ነው። የአካባቢው ሰዎች እነዚያ ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ድረስ ወጥተው ፍሬውን ያወርዳሉ። ዘሩ ዴንማርክ ይገባል፤ መደብ ላይ ይፈላል፤ ችግኝ ሆኖ ማሳ ላይ ይተከላል። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ስምንት፣ አሥር ዓመት ያህል አረሙን ያጸዳለታል፣ አጋዘን እንዳይግጠው ያጥርለታል፣ ጎኑ እንዲጠብቅና ቁመናው እንዲያምር ይከረክመዋል። ከሰው ቁመት ትንሽ አለፍ ሲል ከሥሩ ተቆርጦ፣ በመረብ ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይጫናል። አንድ ሳሎን ውስጥ ለጥቂት ሳምንት መብራት ለብሶ ይቆምና ይጣላል። ተራራው ላይ ቢተውት ኖሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዛፍ ነው።

የዚህን ነገር መጨረሻ በዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ጥሩ አድርገው ያውቁታል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በፈረንጅ ቀን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7። ሐበሻው ቄጤማውን ጎዝጉዞ ዶሮውን ሲያወጣ፣ የጎረቤቱ ዛፍ ጌጡ ተገፎ መንገድ ዳር የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። ሁለቱንም በዓል እናክብር ያለ ቤተሰብ ዛፉን አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠሉን ምንጣፍ ላይ እያራገፈ ያቆየዋል። አዲስ አበባም የራሷ መንገድ አላት፤ የጽድ ቅርንጫፍ ባልዲ ውስጥ ይተከልና በረዶ አይተው ለማያውቁ ልጆች በረዶ ይሆንላቸው ዘንድ ጥጥ ይበተንበታል። አሁን አሁን የፕላስቲኩ በዝቷል። የጥጡን ነገር ለምን እንደምወደው አላውቅም፤ ግን ከፕላስቲኩ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

አሥር ዓመት ደክመው ያሳደጉትን ለሦስት ሳምንት ጌጥ መቁረጥ ጭካኔ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። ሙክት የሚያደልብ ገበሬ በጉን በእጁ ያበላዋል፣ ከብርድ ያስገባዋል፣ ቢያመው ይጨነቃል፤ የበዓሉ ዕለት ግን ራሱ ያርደዋል። ያ ሁሉ እንክብካቤ ውሸት ነበር የሚል የለም። እንክብካቤው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ቀን ያለው መሆኑ ላይ ነው። የገና ዛፍ ገበሬም እንደዚያው፣ መቼ እንደሚቆርጥ ሲተክል ያውቃል። አረሙን ሲያርም የሚያርመው ለአሥረኛው ዓመት ነው። ቀኑ ከታወቀ ድካሙ ይለካል፤ ወጪው ይሰላል፤ ትዕግሥቱም የት ድረስ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ቀን የሌለው ተክል። መቼ እንደሚቆረጥ ያልታወቀን፣ ምናልባትም ጭራሽ የማይቆረጥን ዛፍ ሰው በምን ጉልበት ያሳድጋል?

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ሐሙሲት ላይ ተገንጥሎ ወደ እስቴ የሚወጣው መንገድ ያገኛታል። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። በየወሰኑ፣ በየቦረቦሩ፣ አንዳንዴም ትናንት ጤፍ በነበረበት ማሳ ላይ። ባሕር ዛፍ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ያከሳል፣ ሥሩ ሌላ አዝመራ አያስጠጋም ይባላል፤ ብዙውም እውነት ነው። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አብሮት የሚኖረው እሱ ነውና። ቢሆንም ይተክላል፤ ምክንያቱም ባሕር ዛፍ ቀን አለው። በአራት በአምስት ዓመት አጣና ይሆናል፤ አጣናው በአይሱዙ ይጫናል፤ ገንዘቡ ቆርቆሮ፣ የልጅ ትምህርት፣ የሠርግ ወጪ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ጽድ እንዲህ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለምሰሶ የደረሰ ጽድ የአንድ ሰው ዕድሜ እኩሌታ ይፈጃል። በዚያ ላይ መሬቱ ራሱ ከዛፉ ያነሰ ዕድሜ ሲኖረው አይተናል። በ1960 ዓ.ም. አንድ ሰው ጽድ ተከለ እንበል። ጽዱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ጽዱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ በ1989 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ተደረገና ይዞታ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ ያ ዛፍ ሳይቆረጥ ደብተር ላይ የደረሰ ከሆነ፣ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው። «ገበሬ አርቆ አያስብም» የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ሠርተው አያውቁም። አርቆ ማሰብ አርቆ የሚጸና ነገር ይፈልጋል። አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ንጉሥ ቀን የሌለው ዛፍ መትከል ይችላል፤ ዛሬም ነገም መሬቱ የቤቱ ነው ብሎ ያምናልና። ሩብ ሄክታር ያለው ሰው ያንን እምነት ከየት ያምጣው?

ስለዚህ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያረጀ ጽድ ለማየት የሚፈልግ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በዚያው በደራ ወረዳ ያለው የገላውዴዎስ ደን ከሰፋፊዎቹ አንዱ ነው። ከሜዳው ስታዩት በታረሰው መሬት መካከል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ ውስጡ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል አለ። አንባቢ «እመጓ» በተባለው ልብ ወለዱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቷል። ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነው። በሁሉም ውስጥ በድምሩ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው አገር ተራቁቶ ሳለ እነዚህ የቀሩት ምሳር ስላልነካቸው ነው። ምሳር ያልነካቸው ደግሞ ዛፉ የታቦቱ ልብስ ነው ስለሚባልና ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ካልሆነ በቀር መቁረጥ ስለሚያስፈራ ነው።

አለመቁረጥ ትልቅ ነገር ነው፤ መንከባከብ ግን አይደለም። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ዓለማየሁና ባልደረቦቹ በእነዚህ ደኖች ውስጥ ከፊሉን አጥረው፣ ከፊሉን ለከብት ክፍት ትተው የጽድን፣ የወይራን፣ የጥቁር እንጨትንና የሎልን ዘርና ችግኝ ሲከታተሉ፣ ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ሆኖ ተገኘ። ከብት የሚገባበት ቦታ ላይ የሚበቅለውም በቅሎ የሚተርፈውም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የአገር ዛፎች ደግሞ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለዓመታት ቀብረው አያቆዩም፤ እናቲቱ ከሄደች ወዲያ ከአፈሩ ልጅ መጠበቅ ብዙ ተስፋ የለውም። ስለዚህ ደኑ ከሩቅ ሲታይ ያው ደን ነው፤ ጠጋ ብሎ ከሥሩ ያየ ሰው ግን አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ውስጥ እንደገባ ያህል ይሰማዋል። ከምሳር የተጠበቀው ከጥርስ አልተጠበቀም። ክፋት የለበትም፤ ማንም ዛፍ አልቆረጠም፤ ፍየሏ ገብታ ወጣች፣ ያ ነው። በብዙ ቦታ ካህናቱና ምዕመናኑ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ ማጠራቸው ትክክለኛ መልስ ይመስለኛል፤ ለአራሹም ማሳው ይጠራለታል።

ጥርሱ የሚመጣበት ወር ይታወቃል። ችግኝ ይተከል ከተባለ በሐምሌ ነው፤ አፈሩ ረጥቧል፣ ሰዉ ወጥቷል፣ ካሜራውም መጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሐምሌ ሳይሆን ኅዳር ነው። በመስከረም ሣሩ ከችግኙ በልጦ ያድጋል፤ ካልተኮተኮተ ይውጠዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ይነሳል፤ ያኔ ማሳው የሁሉ ይሆናል። ከብቱ ይለቀቃል፤ ቃርሚያውን ይለቅማል፤ በዚያው አረንጓዴ ሆኖ የቆመውን አንድ ነገር ያገኛል። ያ ችግኙ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ደግሞ ፀሐይና ምስጥ አለ። ለሐምሌው ዘፈን አለ፣ ሰልፍ አለ፤ ለኅዳሩ እረኛን የሚቆጣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ ያለ ሽማግሌ አውቃለሁ። ወሰናቸው ላይ ጽድ ተክለዋል፤ እያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያውን በቀጋና በአጋም እሾህ ታጥሯል። እሾሁ ዝም ብሎ የተከመረ አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ አፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ እሾሁ ወደ ውጭ እንዲያይ ተደርጎ፣ መሃሉ ላይ አየር እንዲገባ ቀዳዳ ተትቶለታል። ከሥሩ ጭድ ተነስንሷል፤ ግን ጭዱ ግንዱን አይነካም፤ የሚነካ ከሆነ ምስጥ ይስባል ይላሉ። ጠዋት ጠዋት የቤቱን እጣቢ ውሃ በቆርቆሮ ጣሳ ይዘው ይዞራሉ፤ ሳሙና ካለበት አያፈሱም። አንዱ ችግኝ ከተተከለ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ገና ጉልበታቸው ላይ አልደረሰም ነበር።

ወደ ማጭዱ፣ ሳይቆረጡ ሲቀሩ ወደሚበላሹት ተክሎች ልመለስ። ላቬንደርን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በሳሙናና በሽቶ ነው። ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከጥብስ ቅጠል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ተፈጥሮው ከሜዲትራኒያን ዙሪያ ካሉ ድንጋያማና ደረቅ ኮረብታዎች ነው። አንበሳሜ ላይ ልትከል ለሚል ሰው ትልቁ ችግር የደረቁ ወራት አይሆኑበትም፤ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ዋልካ ላይ የተተከለን ላቬንደር ሥሩን ያበሰብሰዋል። ቀዩ አፈር ላይ፣ ተዳፋት መርጦ፣ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ ጠጠር ቀላቅሎ ከሆነ ሊይዝ ይችላል። ፍግ ማብዛትም አይረዳውም። መዓዛው ያለው በቅጠሉና በአበባው ላይ በተበተኑ ደቃቅ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ብዙ የጠገበ ተክል ይንዠረገግና ሽታው ይሳሳል። የእኛው ጦስኝ በስሜን፣ በመንዝና በባሌ ቁር ውስጥ፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ ነው ያ ሁሉ ሽታ የሚወጣው።

ላቬንደሩ ከሌለ የጥብስ ቅጠሉ ይበቃናል፤ ጠባያቸው አንድ ነው። አንዲት እናት ጓሮ ውስጥ የጥብስ ቅጠል ልቆርጥ ገብቼ፣ ለተክሉ ያዘንኩለት መስሎኝ ከዚህም ከዚያም ጫፍ ጫፉን ስቀነጥብ አዩኝና ማጭዱን ከእጄ ወሰዱት። «እንዲህ አይደለም የኔ ልጅ» አሉና አንዱን ቁጥቋጦ በግራ እጃቸው ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ ለምለሙን ከግማሹ በአንድ ጊዜ ሸለቱት። «ከለምለሙ ቁረጥ፤ ከደረቀው ግንድ ግን አትውረድ። እዚያ ከነካኸው አይመለስልህም።» ጎኑ ላይ የጎረቤት ቁጥቋጦ በአጥር በኩል ይታያል፤ ባለቤቶቹ ከተማ ገብተው ለዓመታት ማንም አልነካውም። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ ግን ሥሩ እንጨት ብቻ ነው፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ቅጠሉ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። አሁን ላድነው ብሎ ሰው ቢቆርጠው፣ የሚያርፈው ከማይመለሰው ግንድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ያለው ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጋር ይጣላል። ደኑ ያስተማረን አለመንካትን ነበር፤ የጥብስ ቅጠሉ ደግሞ ሳይነኩት መተው ማለት መጣል ማለት እንደሆነ ያሳያል። «የወደድከውን ተወው» የሚል ምክር ለአንዱ ተክል እውነት ሆኖ ለሌላው ሞት ነው። ስለዚህ እንክብካቤ የልብ ርኅራኄ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ርኅራኄማ ነበረኝ፤ ጫፍ ጫፉን ያስቀነጠበኝ እሱ ነው። እኒያ እናት የነበራቸው ዕውቀት ነው፤ የትኛው ግንድ መልስ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዝም እንደሚል። ይህን ዕውቀት ማንም ለተክሎች ሁሉ ባንድ ላይ አይማረውም። ለባሕር ዛፍ የሚሠራው ለጽድ አይሠራም፤ በዚያ ላይ የፈረንጅ ጽድ አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየአጥሩ ተከርክሞ የምናየው፤ ጎኑን ሲከረክሙት ይወፍራል፣ ከሥሩ ሲቆርጡት እንደ ሐበሻው ጽድ ያልቃል።

ቀን ስለሌለው ተክል የጠየቅሁት ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። የንጉሡን መልስ አይተናል፤ የቤተ ክርስቲያኑንም። ገበሬው የራሱ መልስ ሊኖረው ይችላል ብዬ ስላልጠበቅሁ ይሆናል የወሰኑን ጽድ ባለቤት ዘግይቼ የጠየቅኋቸው። አያ፣ ባሕር ዛፍ ቢተክሉበት እኮ አጣና ለመሆን በተቃረበ ነበር፤ ይሄን ለመቼ ብለው ነው? አልኳቸው።

«ፍሬ እስኪያሳየኝ ነው» አሉ።

ጽድ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ሰማያዊ የመሰለ ድቡልቡል ፍሬ ትይዛለች፤ ወፍ በልታው ዘሩን ታዞረዋለች። ወንዱ ብናኙን ለነፋስ ይሰጥና አበቃ፤ ፍሬ የለውም። ችግኝ ሳሉ ማንም አይለያቸውም፤ ከዓመታት በኋላ ሴቶቹ ፍሬ ሲይዙ ነው የሚታወቀው። ሽማግሌው ቀድመው ያሰቡት ይህንን ነው። አጠጋግተው የተከሉት ለዚህ ነው፤ አንድ ብቻ የተከለ ሰው ምን እንደተከለ አያውቅምና። ፍሬ የያዙት ይቀራሉ። ከሌሎቹ አንዱ ሁለቱ ለብናኙ ይተዋሉ፣ የቀሩት ለቤት ምሰሶ ይቆረጣሉ፤ የጽድ ምሰሶ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ቀን የለውም ብዬ ያዘንኩለት ዛፍ ቀን ነበረው፤ ቀኑን የሚናገረው ዛፉ ራሱ ነው እንጂ።

«ሁሉም ወንድ ሆነው ቢገኙስ?» አልኳቸው።

«ያኔማ ምሰሶ በዛልኝ!» አሉና ሳቁ፤ ወዲያው ግን ከመንገዱ ማዶ ወደምትመጣ የጎረቤት ፍየል ዞረው እረኛውን ይጣሩ ጀመር።